በወሎ በኩል ያለፈው ጦር

(በየካቲት ወር ደሴ ላይ ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ የጦሳ ተራራ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አላህም እግዜርም ይስጥልኝ።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሄዳችሁ ሁሉ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ቦሩ ሜዳ ይታለፋል። ሐይቅ ይደረሳል። ትንሽ ቆይቶ ውጫሌ ነው። ሚኒባሱ ሲቆም ልጆች ውሃና ማስቲካ ይዘው መስኮቱ ሥር ይመጣሉ። ተሳፋሪው ስልኩን ያያል፣ ሂሳብ ይቀበላል፣ ይሰጣል፣ መኪናው ይንቀሳቀሳል። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንድም ሰው ለልጁ “ያ ውጫሌ ይኸ ነው” ሲል አልሰማሁም።

የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። ቦታው እዚያው አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ የሚባለው ነው። ከስድስት ዓመት በላይ አልፎ የክተት አዋጁ ሲነገር ደግሞ የሸዋ ሰው የት ከተህ ላግኝህ ተባለ? ወረኢሉ። ከወረኢሉ የተነሳው ጦር ወደ ትግራይ የሄደው በእኛ እርሻ መሃል ነው። ውጊያው አድዋ ላይ ይሁን እንጂ፣ ጠብ የተነሳበት ወረቀትም፣ የቀጠሮው ቦታም፣ የመንገዱ ብዙ ክፍልም ወሎ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ደሴ ላይ ማንሳት ተገቢ መስሎኛል።

ጥያቄው ይህ ነው። አድዋ ትክክል ነበር ወይ? ማሸነፋችንን ሕፃን ልጅም ያውቃል። እኔ የምጠይቀው ያ ሁሉ ሰው እንዲዘምት፣ ያ ሁሉ እህል እንዲበላ፣ ያ ሁሉ ነፍስ እንዲጠፋ ማዘዙ ትክክል ነበር ወይ ብዬ ነው።

አንድ ወዳጄ ርዕሱን ስነግረው ደነገጠ። “ይኸ ደግሞ ይጠየቃል?” አለኝ። ይጠየቃል እንጂ። የከፈሉት እኮ ቅድመ አያቶቻችን ናቸው። ከፋዩ ሂሳቡን ቢጠይቅ ምን ነውር አለው?

መጀመሪያ ከምክንያቱ ልጀምር፤ እሱ ቀለል ይላል።

የውሉን አንቀጽ 17 ሁላችሁም በትምህርት ቤት ተምራችሁታል። በአማርኛው፣ ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ “ይቻላቸዋል” ይላል። የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። ሮም ይህን ይዛ ለአውሮፓ መንግሥታት ሁሉ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ አስታወቀች። ምኒልክ ይህን ያወቁት ከሌሎች ነገሥታት በመጣ መልስ ነው። ራሳቸው ለጻፉት ደብዳቤ የመጣላቸው መልስ “አንተ በጣሊያን በኩል ጻፍ” ዓይነት ነበር።

ታዲያ በማግስቱ ዘመቱ? አልዘመቱም። መስከረም 1883 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጻፉ፤ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቃል አይገናኝም ብለው። የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ አዲስ አበባ መጣ፣ ተከራከረ፣ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ እኔ ሴት ነኝ፣ ጦርነት አልወድም፣ ግን ይህን ከመቀበል ጦርነት ይሻለኛል ያሉት በዚያ ክርክር ላይ ነው። በየካቲት 1885 ውሉ ፈረሰ ተብሎ ለአውሮፓ ሁሉ ተጻፈ። የክተት አዋጁ የወጣው መስከረም 1888 ነው። ቁጠሩት። ከአምስት ዓመት ያላነሰ ወረቀት ነው።

በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ አባጋር ይቀመጣል። ሽማግሌ ሳይልክ ዱላ ያነሳ ሰው፣ እውነት በእጁ ቢሆንም ይፈረድበታል። በዚህ በራሳችን ሚዛን ካየነው፣ ምኒልክ ሽማግሌ ልከዋል። ደጋግመው ልከዋል። እምቢ ያለው ወዲያኛው ወገን ነው።

ደግሞ የሚመጣው ነገር በጭላንጭል ይታይ ነበር። ከመረብ ማዶ ጣሊያን የገበሬውን መሬት እየቆረሰ ከአገሩ ለሚያመጣቸው ሰፋሪዎች መስጠት ጀምሮ ነበር። የአካለ ጉዛዩ ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ የጣሊያን ወዳጅ የነበረ ሰው ነው። በዚሁ በመሬት ነገር ታኅሣሥ 1887 ሸፈተ፣ ሐላይ ላይ ተገደለ። እንግዲህ ገበሬው ስለ አንቀጽ 17 ምንም ባያውቅ፣ መሬት መነጠቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እርስት ለባላገር ምን እንደሆነ ለዚህ አዳራሽ አላስረዳም።

ስለዚህ በምክንያቱ በኩል ጥርጣሬ የለኝም። የሚከብደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ጊዜውን አስቡት። ከ1880 እስከ 1884 ክፉ ቀን ነበር። የከብት በሽታው በምጽዋ በኩል፣ ጣሊያኖች ለጦራቸው ካስመጧቸው ከብቶች ጋር ገባ ይባላል። ከአስር በሬ ዘጠኙ አለቀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ከዚያ ድርቅ፣ አንበጣ፣ አይጥ፣ በሽታ። ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፍረው ለሕዝቡ አሳይተዋል። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ አሉ። የ66ቱን እና የ77ቱን የሚያስታውስ ወሎዬ ይህን ሲሰማ በልቡ ምን እንደሚመጣበት አውቃለሁ።

ከዚህ ሁሉ ሦስት አራት ዓመት ሳይሞላው ነው ነጋሪት የተጎሰመው። ገበሬው ጥጃ ከየትም ለምኖ፣ አሳድጎ፣ ገና ቀንበር እያለማመደ ነው። ይህን ሰው “ተነስ” ማለት ቀላል ነገር ነው?

አዋጁ ራሱ ይህን ያውቃል። እባካችሁ ቃሉን አንድ ጊዜ ቀስ ብለን እንየው። ሁላችንም በቃላችን እንሸመድደዋለን፤ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ዘፈን ነው የምንለው። “እኔም ያገሬን ሰው መድከም የከብቱን ማለቅ አይቼ እስካሁን ብታገሠውም” ይላል። የከብቱን ማለቅ! ንጉሥ በክተት አዋጅ ላይ ስለ በሬ ሲያነሳ ብዙ አልተሰማም። የዘገየሁት ስለደከማችሁ ነው ማለታቸው ነው። ይህ የሰውየውን ሸክም ያየ ሰው ንግግር ነው፤ አከብረዋለሁ።

ከዚያ “ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ” ይላል። ጉልበት የሌለህ ደግሞ ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል “በሐዘን እርዳኝ”። በሐዘን እርዳኝ የሚለውን ቃል በሌላ አዋጅ አላየሁም። አሮጊቷንም፣ በሽተኛውንም ከጦርነቱ ውስጥ አስገባቸው። አለቀሱ ማለት ረዱ ማለት ሆነ።

ወዲያው ደግሞ ይጠነክራል። ወስልተህ የቀረህ ትጣላኛለህ፣ አልተውህም፣ “ማርያምን፣ ለዚህ አማላጅ የለኝም”። እንግዲህ እርዳታም ግዴታም ነው። ፈቃደኛም ነህ፣ ፈቃደኛም አይደለህም። አድዋን ሁሉም ወዶ የሄደበት አድርጎ የሚተርክ ሰው ይህን መስመር ይዘለዋል።

አሁን ግን እዚህ ደሴ ላይ ቆሜ ልዘለው የማልችለው ሌላ መስመር አለ። “ያገሬ ሰው ካሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም።”

ይህ ቃል ወሎ ገበያ ላይ ሲነገር በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት።

አሥራ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ግንቦት 1870፣ ቦሩ ሜዳ። ከዚህ በሚኒባስ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ቦታ። አፄ ዮሐንስም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት ጉባኤ ተደረገ፣ ሃይማኖት ተወሰነ። የወሎ ሙስሊም የጊዜ ገደብ ተሰጥቶት ክርስትና ተነስ ተባለ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ። ኢማም አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ። እምቢ ያለው ተሰደደ። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉት ተዋጉ። መሄድም መዋጋትም ያልቻለው ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ግዳጁ ላልቷል። እሱን መካድ አይገባም። ነገር ግን የተቃጠለው ቤት፣ የተሰደደው ወንድም፣ የተለወጠው ስም እዚያው አለ።

አዋጁ የሚመጣውን ጠላት ሲገልጸው “ሃይማኖት የሚለውጥ” ይለዋል። ለዚህ ሕዝብ! በገዛ ንጉሡ ሃይማኖቱን ለውጥ የተባለ ሕዝብ ሃይማኖት የሚለውጥ ጠላት መጣብህ ሲባል ምን አሰበ?

ይህ ለእኔ የንግግሬ ልብ ነው። ለሸዋ ሰው ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ለወሎ ሰው ግን “የበደልሁህ አይመስለኝም” የሚለው ቃል ስህተት ነበር። ተበድሏል። ያም ሆኖ ሄደ። ያኔ ኢማም መሐመድ አሊ የነበሩት ራስ ሚካኤል 10 ሺህ ፈረሰኛና 6 ሺህ እግረኛ ይዘው ዘመቱ ይባላል። በግዳጅ የሄደ አለ፤ ግዳጅ ብቻ ግን ይህን አይገልጸውም። ፈረሰኛ እኮ መሸሽ ከፈለገ ፈረሱ ላይ ነው ያለው።

ለምን ሄደ? ከቤተሰቤ የሰማሁትን ልንገራችሁ።

አያቴ የወረኢሉ አካባቢ ሰው ነበሩ። እናታቸው በዘመቻው ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ባለቤታቸው በዚያ የግዳጅ ዘመን ክርስትና ተነስቶ ሁለት ስም ነበረው፤ አንዱ የአዋጅ፣ አንዱ የቤት። ጭፍራው ሲጠራ በአዋጅ ስሙ ተጠራ። ሚስቱ ስትሸኘው ግን በቤት ስሙ ዱዓ አደረገችለት። በሶና ቆሎ ቋጠረችለት፣ ፈረሱን ይዛ እስከ ወንዙ ሸኘችው። “አንተን ያጠመቁህን ልትረዳ ነው የምትሄደው?” አለችው አሉ። እሱም “እነሱን ነገ እጣላቸዋለሁ። ያኛው ግን ከገባ የምጣላበት አገርም አይተርፈኝ” አላት።

ይህን አያቴ ሲነግሩኝ ልጅ ነበርኩ። ያን ጊዜ እንደ ተረት ነው የሰማሁት። አሁን ሳስበው ከብዙ ምሁር የተሻለ መልስ ነው። በደሉን አልረሳም፣ ይቅርም አላለም። አስቀደመ እንጂ። በቤት ውስጥ ያለ ጠብ ቤቱ ሲኖር ነው የሚታየው አለ።

ሰውየው ሄደ። ከዚያ የሸዋ ጦር መጣ።

እስቲ ስለ እህል እናውራ፤ ስለ ጀግንነት ሲወራ እህል ይረሳል። ጦሩ ወደ 100 ሺህ ይጠጋ ነበር ይባላል፤ ሴቱ፣ ልጁ፣ አጋሰሱ ሳይቆጠር። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እህል ብለን እንገምት። በቀን 1,000 ኩንታል መጣ። በዓመት አስር ኩንታል የሚያገባ ገበሬ ብታስቡ፣ ያ ጦር በየቀኑ የ100 ገበሬ ዓመት ይበላል። ዘመቻው ከጥቅምት ተነስቶ አድዋ የደረሰው የካቲት ነው። መመለሻው ደግሞ አለ። በቅሎውና ፈረሱ ገለባና ገብስ ይፈልጋል። የማገዶውን ነገር ተዉት።

ጥቅምት የእሸት ወር ነው። ያ ገበሬ ከክፉ ቀን ወዲህ ደህና አዝመራ ያየው ገና አሁን ነው። አዝመራው እርሻ ላይ ቆሞ ነው በቅሎ የገባበት።

የአያቴ እናት የአምናውን ገብስ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ነበር። ጉድጓዱ ጎጆ ውስጥ ነው። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጠሙ፣ በጭቃ መረጉት። ከዚያ ምድጃውን ነቅለው ሦስቱን ጉልቻ በላዩ ላይ ተከሉ። ወታደሮቹ ሲመጡ ወለሉን በጦር ዘንግ እየመቱ ባዶ ድምፅ ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉም ባላገር ያውቀዋል። እሳቸው ምጣድ ጥደው እንጀራ ይጋግራሉ። ወታደሩ ማዕዘኑን መታ፣ መደቡ ሥር መታ፣ ግርግዳውን ተከትሎ መታ። እሳቱ ጋ ሲደርስ ግን እጁን ዘርግቶ ሞቀ። የወጣውን እንጀራ ተቀብሎ በላ። ሄደ።

ባላቸው የሄደበት ጦር ነው። ያው ጦር! ገብሱን የሚደብቁት ባላቸው ከሚሞትለት ሠራዊት ነው። ወታደሩም ክፉ ሰው አልነበረም ይሉ ነበር አያቴ። ርቦት ነበር።

ጦርነቱ ትክክል ነበር ስንል እነዚህን እናት የት እናስቀምጣቸው? ከሀገር የሰረቁ ናቸው እንበል? እኔ እንደዚያ የሚል አፍ የለኝም። ያ ገብስ ነበር ያቺን ቤት ለመከር ያደረሳት።

ውጊያውን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ብዙ ተብሎበታል። ኅዳር 28 አምባላጌ፤ የወሎ ጦር እዚያ ነበረ። ከዚያ መቀሌ። ውሃው አሥራ አምስት ቀን ተያዘ፣ ምሽጉ ተለቀቀ፣ የተከበቡትም በሕይወት እንዲሄዱ ተደረገ። ይህን ልብ በሉልኝ። ሊጨርሷቸው ሲችሉ ለቀቋቸው። የካቲት 23 አድዋ። የወሎ ፈረሰኛ ስሙን ያስጠራው ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ፣ በጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌድ ላይ ነው። በዚያች አንድ ቀን ከእኛ ወገን ከ4 ሺህ እስከ 7 ሺህ ሰው ሞተ ይባላል፤ የቆሰለው ከዚያ ይበልጣል። ከወዲያኛው ወገን ጣሊያኑም፣ ለጣሊያን ያደረው ያገሬው ወታደር አስካሪውም ተደምሮ ስድስት ሺህ ገደማ ሰው አለቀ። ከውጊያው በፊት የእኛ ጦር ስንቁ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ ረሃብ ይበትነን ነበር።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ።

ከተማረኩት አስካሪዎች ወደ 800 የሚጠጉት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ጣሊያኖቹ ምርኮኞች ግን ተመግበው፣ በየቤቱ ተቀምጠው፣ በኋላ አገራቸው ገቡ። አስካሪው የገዛ ወገኑን ስለወጋ ከሃዲ ነው፣ ቅጣቱም በሕግ ያለ ነው ተባለ። ንጉሡ ሳይወዱ ነው የፈቀዱት የሚሉም አሉ።

ግን ማን ነበር አስካሪው? ያ ክፉ ቀን ከመረብ ወዲያም ነበረ። በሬው ያለቀበት፣ መሬቱ የተወሰደበት ልጅ ነው ብዙው፤ በወር ደመወዝ አለ ሲሉት የገባ። የአያቴ እናት ገብስ ጉድጓድ ውስጥ ነበራቸው። እሱ ጉድጓዱም ባዶ ነበር። እሱን እጅና እግር የሌለው አድርጎ ወደ እርሻ መመለስ ትክክል አልነበረም። ጦርነቱ ትክክል ስለሆነ ይህ ትክክል አይሆንም። በጦርነቱ መሃል የተደረገ አይደለም፤ ውጊያው አልቆ፣ መሣሪያው ወርዶ፣ ሰው እጁን ሰጥቶ ነው።

በእኛ በወሎ የደም ነገር እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ሰውየው ራሱን ሲከላከል ቢገድል እንኳ ነገሩ ዝም ተብሎ አይታለፍም። አባጋር ይቀመጣል፣ ጉማ፣ የደም ካሳ ማለት ነው፣ ይነሳል፣ የሟች ቤት ይጠየቃል። ያጠፋኸው ነገር የለም ተብሎም ዕዳ አለብህ ይባላል። እኔ አድዋን የማየው እንደዚህ ነው። ምክንያቱ እውነት ነው። ዕዳው ግን አለ፤ ለእነዚያ 800 ሰዎች፣ ለገበሬው፣ ለወሎም ለትግራይም። የትግራይ ባላገር ከእኛ ይልቅ ለወራት ሁለት ጦር ነው የተሸከመው።

ሌላም አለ። ከአድዋ ዓመት ከምናምን በፊት፣ በ1887፣ የምኒልክ ጦር ወላይታ ዘምቶ ነበር። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦናም አገሬን አልሰጥም ብለው ነው የተዋጉት። ብዙ ሕዝብ አለቀ፣ ተማረከ፣ ከብቱ ተነዳ። አድዋን ትክክል ያደረገው ምንድን ነው? ሰው በአገሩ፣ በመሬቱ፣ በእምነቱ ሳይደረስበት የመኖር መብት አለው ብለን ነው። ይህ መብት አድዋ ላይ ሠርቶ ወላይታ ላይ አይሠራም ልንል አንችልም። ቦሩ ሜዳም ላይ እንደዚሁ። አንዳንድ ሰው ይህን ስናገር “አድዋን ልታሳንስ ነው” ይለኛል። እኔ የማደርገው አድዋን ቁምነገር አድርጎ መያዝ ነው። የተዋጋንለት ነገር እውነት ከሆነ ለሁሉም እውነት ነው።

አንድ ወጣት ደግሞ ባለፈው እንዲህ ብሎ ተከራከረኝ። “ጣሊያን እንደሆነ በ1928 ተመልሶ መጣ። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ለምን ሞተ?” ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ እኮ በመጀመሪያ ከተመቱት ከተሞች አንዷ ይህቺው ደሴ ናት። ኅዳር 26 ቀን 1928 አውሮፕላን መጥቶ ከተማዋን በቦምብ አነደዳት። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሕክምናም አልቀረለትም። ከማይጨው በኋላ አሸንጌ ሐይቅ ላይ በሚያፈገፍገው ጦርና በባላገሩ ላይ የመርዝ ጋዝ ዘነበ።

የእኔ መልስ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አርባ ዓመት ትንሽ ነገር አይደለም። በዚያ አርባ ዓመት ውስጥ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ልጅ ድሮ፣ ባዕድ መሬቱን ሳይለካበት የሞተ ስንት ሰው አለ? ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ማይጨው ላይ ተሸነፍን። ምክንያቱ ግን ያው ነበር፣ እንዲያውም የባሰ። የተሸነፍንበትም ጦርነት ትክክል ነበር። እንግዲያው አድዋን ትክክል ያደረገው ድሉ አይደለም ማለት ነው። የካቲት 23 ቀን ባራቲየሪ ቢያሸንፍ ኖሮም የወረኢሉ ሰው መሄዱ ትክክል ይሆን ነበር። ድሉን ብቻ የምንወድ ከሆነ ግን ሰዎቹን ገና አላወቅናቸውም።

ሌላው የሚነሳው የመረብ ምላሽ ጉዳይ ነው። በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ ሰላም ሲፈረም ኤርትራ በጣሊያን እጅ ቀረች። ለምን አልተገፋም? ጦሩ ርቦት ነበር፣ ቁስለኛው ብዙ ነበር፣ ከኋላ ያለው ባላገር ተሟጦ ነበር። ያን ጦር ወደፊት ማስኬድ ማለት የሌላ አገር ወለል በጦር ዘንግ ማስመታት ነበር። እዚህ ላይ ምኒልክን ለመውቀስ አልቸኩልም። ከመረብ ማዶ የቀረው ሰው ቢወቅሳቸው ግን ይገባኛል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። መዝመቱ ትክክል ነበር። አስካሪዎቹ ላይ የተደረገው ትክክል አልነበረም። ገበሬው የከፈለውን ማንም ቆጥሮ አልመለሰለትም። ወሎ ደግሞ ተበድሎ ሄዷል፤ ይህ በየዓመቱ ስንዘፍን ከስሙ ጋር ሊነሳ ይገባል። በ2014 ደሴም ኮምቦልቻም ጦርነት ምን እንደሆነ በዓይናችን አይተናል። ስለዚያ ዛሬ አልናገርም። ግን በሩ ላይ ወታደር የቆመበት ሰው ይህን ንግግር ከሌላው በተሻለ እንደሚረዳው አውቃለሁ።

የጀመርኩትን ታሪክ ልጨርስላችሁ።

ሰውየው ተመለሰ። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ፈረሱን እየጎተተ ነው የመጣው፤ የፈረሱ አንድ እግር ያነክሳል። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ቡና ተፈላ። ሰው ሁሉ ስለ ጣሊያን መድፍ ይጠይቀዋል። እሱ ግን ቤቱን እየዞረ ያያል። “ምድጃው ቦታው ተለውጧል” አለ። ሚስቱ ሰው እስኪሄድ ጠብቃ ነገረችው። ስለ ገብሱ፣ ስለ ወታደሩ፣ ወለሉን እንዴት እንደመታ፣ እሳቱን እንዴት እንደሞቀ። የምትስቅ መስሏት ነበር የምትነግረው።

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ “እኔም ትግራይ ውስጥ የሰው ወለል መትቻለሁ” አላት። “አገኘሁ።”

አያቴ እንዳሉኝ፣ ሰውየው እስኪሞት ድረስ ስለ አድዋ ሲጠየቅ ስለ ፈረሱ ነበር የሚያወራው። ያንን ደግሞ አንስቶት አያውቅም። ምድጃው ግን እዚያው ጉድጓዱ ላይ ቀረ። አያቴ የተወለዱት በዚያ እሳት አጠገብ ነው።